የአምናው ውርንጭላ ለምን ሞተ? የዘንድሮውንስ እንዴት እናትርፈው?

ጥያቄ፦ «አባቴ እንጅባራ አካባቢ ገጠር ውስጥ ይኖራሉ። አንዲት ባዝራ፣ ሁለት የጉግስ ፈረሶችና አንዲት አህያ አሏቸው። ባዝራዋ ሚያዝያ ማብቂያ ላይ የወለደችው ወንድ ውርንጭላ አሁን አራት ወር ሆኖታል። ያስላል። ከአፍንጫው ነጭ ፈሳሽ ይወርዳል። ሆዱ ተነፍቷል፣ ጀርባው ግን አጥንት ነው። ፀጉሩም ቆሟል። አምና የተወለደው ውርንጭላ በዚሁ ዕድሜው እንዲሁ ሆኖ ነበር። ከገበያ የተገዛ የትል መድኃኒት በሰጡት ማግስት ሲንፈራፈር ዋለና ሞተ። ከመሞቱ በፊት ማካሮኒ የሚመስሉ ትሎች ወጥተውት ነበር። አሁን ጎረቤታችን ‹ሁሉንም በየወሩ የከብት መርፌ አስወጓቸው› ይላል። አባቴ ግን ፈርተዋል። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለአባትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። አምና መድኃኒት መስጠታቸው ጥፋት አልነበረም። ያ ውርንጭላ መታከም ነበረበት። ችግሩ ያለው በምን፣ መቼና እንዴት ታከመ የሚለው ላይ ነው። ሬሳውን ሳልመረምር በዚህ ሞተ ብዬ አልምልም። የጻፍሽው ምልክት ግን በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ካየሁት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ከአምናው ልጀምር። የዘንድሮው መልስ እዚያው ውስጥ አለ።

ማካሮኒ ያልሽው ትል የውርንጭላ ወስፋት ነው። ባለሙያዎች ፓራስካሪስ ይሉታል። ከሰው ወስፋት ጋር ዘመድ ነው፣ ዝርያው ግን ሌላ ነው። ነጭና ወፍራም ሲሆን እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ያደገ ፈረስ ሰውነቱ ስለሚለምደው ብዙም አይጎዳውም። ውርንጭላ ግን እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ድረስ መከላከያ የለውም። ይህ ትል የውርንጭላ ጠላት የሚባለው ለዚህ ነው።

ውርንጭላው የትሉን እንቁላል ከሣር፣ ከጋጣ ወለል፣ በእናቱ ጡት ላይ ከተለጠፈ ጭቃ ይውጠዋል። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሹ ትል፣ አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ጉበት ይሄዳል። ከጉበት በደም ሥር ወደ ሳንባ ያልፋል። ከሳንባ በሳል ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ይዋጣል፣ ወደ አንጀት ይመለሳል። የሚያድገው እዚያ ነው። እንቁላሉ ከተዋጠበት ቀን አንሥቶ ትሉ ራሱ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ድረስ ከ10 እስከ 15 ሳምንት ይፈጃል።

አሁን የዘንድሮውን ውርንጭላ ተመልከቺው። ሳሉና የአፍንጫው ፈሳሽ እጮች በሳንባው እያለፉ እንደሆነ ሊያሳይ ይችላል። የተነፋው ሆድና የቆመው ፀጉር ደግሞ ያደጉት አንጀቱ ውስጥ መኖራቸውን። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መኖራቸው አይገርምም። ውርንጭላው እንቁላል የሚውጠው በየቀኑ ነውና።

አምና የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። የትል መድኃኒቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አሠራር የላቸውም። ኢቨርሜክቲን፣ ፓይራንተልና ለበግና ለከብት የሚሸጠው ቴትራሚዞል ትሉን ሽባ ያደርጉታል። ቶሎ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ጥቂት ትል ሲሆን ይህ ጥሩ ነው። በአንድ ቀጭን አንጀት ውስጥ ብዙ መቶ ወፍራም ትል ሲኖር ግን ሁሉም አብረው ይላቀቁና እንደ ገመድ ይጠቀለላሉ። የውርንጭላ አንጀት ደግሞ ጠባብ ነው። ይደፈናል። ከዚያ ቁርጠት ይመጣል፣ አንጀቱም ሊቀደድ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ በተሰጠ በአንድ ቀን ውስጥ ነው። «በማግስቱ» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ልቤ የቆመው ለዚህ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአምስት ወር ውርንጭላ አመጡልኝ። ልክ እንደ እናንተው ሆዱ የተነፋ። መድኃኒቱን ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ማግስቱን ከቤቱ ጀርባ ሬሳውን ስከፍት ቀጭን አንጀቱ እንደ ቋሊማ ተወጥሮ ነበር። ውስጡ ከትል በቀር ምንም አልነበረውም። የቤቱ ልጆች ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሆዱ የተነፋ ውርንጭላ ሲመጣልኝ መድኃኒት ከማንሣቴ በፊት ፋንድያውን አያለሁ።

ታዲያ አሁን ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሙቀቱን ያስለኩ። የእንስሳት ሐኪም ወይም የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በቴርሞሜትር በፊንጢጣው ይለካዋል። የውርንጭላ ሙቀት ከአዋቂው ትንሽ ከፍ ይላል፣ እስከ 38.9 ድረስ ጤናማ ነው። ከ39.5 በላይ ከሆነ ግን ነገሩ ትል ብቻ አይደለም። የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አሁን ክረምት ነው፣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታም የሚነሣበት ወቅት ነው። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ፣ ትንፋሹ ከተፋጠነ፣ ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ በዚያው ዕለት ሐኪም ጥሩ። ትኩሳት ያለውን ውርንጭላ የትል መድኃኒት ሰጥቶ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ትኩሳት ከሌለው ፋንድያውን አስመርምሩ። ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ጠዋት አሁን የጣለውን፣ መሬት ያልነካውን ክፍል፣ ሁለት ሦስት እንክብል አንሥታችሁ በንጹሕ ፌስታል አድርጉ። አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት። ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ እንቁላሉ ይፈለፈልና ቆጠራው ይበላሻል። በዚያው ቀን ወይም ቢዘገይ በማግስቱ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የወረዳው ክሊኒክ ማይክሮስኮፕ ካለው እዚያው ይሠራል። ከሌለው ባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። የእያንዳንዱ እንስሳ በየፌስታሉ ይሁን። አደባልቃችሁ አትላኩ።

ባለሙያው በአንድ ግራም ፋንድያ ውስጥ ስንት እንቁላል እንዳለ ይቆጥራል። ወስፋትና ሌላው ትል በእንቁላሉ ቅርጽ ይለያሉ። የወስፋቱ ክብ፣ ቡናማና ቅርፊተ ወፍራም ነው። የሌሎቹ ሞላላና ስስ ነው። ለየብቻ እንዲቆጥሩላችሁ ጠይቂ። ይህን ካልጠየቅሽ «ትል አለው» ብለው ሊልኩሽ ይችላሉ። እሱ አይበቃም።

አንድ ነገር ልብ በይ። እንቁላል የሚጥለው ያደገው ትል ብቻ ነው። በሳንባ ውስጥ ያለው እጭ በቆጠራ አይታይም። ቁጥሩም የትሉን ብዛት በትክክል አይናገርም። የሚነግረን የትኛው ትል እንዳለና መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ነው።

ወስፋት ከተገኘ ለዚህ ውርንጭላ የምመርጠው ፌንቤንዳዞል ነው። ትሉን በድንገት ሽባ አያደርገውም። ምግብ እንዳይጠቀም አድርጎ ቀስ እያለ ይገድለዋል። የመደፈን ሥጋቱን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ይህን አባትሽ አስቀድመው ይወቁት። ለውርንጭላ ወስፋት መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ነው። ለአዋቂ ፈረስ ከሚሰጠው እጥፍ ማለት ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ውርንጭላ 800 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ክብደቱን በዓይን አትገምቱ። የእህል ነጋዴ የመሬት ሚዛን ካለ አንድ ሰው ውርንጭላውን አቅፎ ይቁምበት፣ ከዚያ የሰውየውን ክብደት ቀንሱ። ዕድሜውን፣ ክብደቱንና የሆዱን ሁኔታ ለሐኪሙ ንገሩና መድኃኒቱ በእሱ እጅ ይሰጥ።

ፌንቤንዳዞል የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። የፈረስ ወስፋት ኢቨርሜክቲንን መቋቋም ጀምሯል። መጀመሪያ የተነገረው በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኔዘርላንድስ ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ታይቷል። ስለዚህ «ኢቨርሜክቲን ሰጥቻለሁ፣ ታክሟል» ብሎ መተኛት አይቻልም።

በጠርሙስ መጋትን በተመለከተ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አንገቱን አንጋጠው ሲግቱት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባል። የሚያስል ውርንጭላ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዘይት ለመጋት የሚሞክሩም አሉ፣ ሳንባ የገባ ዘይት ይገድላል። መድኃኒቱ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በአፉ ጎን፣ ጥርስ በሌለበት ክፍት ቦታ ገብቶ ምላሱ ጀርባ ላይ ይደረግ። አንገቱ በተፈጥሮው ከፍታ ላይ ይሁን። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ። ከመድኃኒቱ በፊት አታስርቡት። እናቱን ይጥባ፣ ለስላሳ ሣር ይብላ፣ ውኃ አይከልከል።

ከዚያ ሁለት ቀን ሰው አይለየው። ጎኑን ደጋግሞ ካየ፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ከመታ፣ ከተንከባለለ፣ መጥባት ከተወ ወይም ፋንድያ መጣል ካቆመ ሐኪም ወዲያው ይምጣ። ስለዚህ መድኃኒቱን ዓርብ ማታ አትስጡ። ሐኪም በሚገኝበት ቀን ጠዋት ይሁን። ሐኪሙ በጣም የተሞላ መስሎ ከታየው ለአንድ ጊዜ ከሚሰጠው የተለየ አካሄድ ሊመርጥ ይችላል። እሱን ስሙት።

ከ14 ቀን በኋላ ፋንድያውን እንደገና አስመርምሩ። ወስፋቱ ከጠፋ መድኃኒቱ ሠርቷል። ካልጠፋ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል። ይህን ሁለተኛ ምርመራ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው የማይተናነስ ነው። ብር የከፈላችሁበት መድኃኒት መሥራቱን የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው።

ለወደፊት ለሚወለዱት ደግሞ አራት ወር መጠበቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው መድኃኒት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ዕድሜ ላይ ይሰጣል። ትሎቹ ገና ጥቂትና ትንንሽ ሳሉ ማለት ነው። ያኔ አንጀት የሚደፍን ክምችት የለም። ሁለተኛው ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ ጡት ከማስጣል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከሁለት ወር በፊት መጀመር ግን አይመከርም። ጥቅሙ አነስተኛ ነው፣ ትሉም መድኃኒቱን ቶሎ ይለምዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውርንጭላ ቢያስቀምጠው ሁልጊዜ ትል ነው ማለት አይደለም። የእናቱን ፋንድያ ሲበላ ብታዩትም አትደንግጡ፣ የጤነኛ ውርንጭላ ጠባይ ነው።

ወደ ጎረቤታችሁ ምክር ልምጣ። ክፉ አስቦ አይደለም። ምክሩ መነሻ አለው። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ፈረሶችን በብዛት ይገድል የነበረው ስትሮንጋይለስ ቩልጋሪስ የሚባል ትል ነበር። እጩ አንጀትን በሚመግበው ትልቅ የደም ሥር ውስጥ ይቀመጣል። ደሙ ይረጋል፣ አንጀቱ ደም ያጣል፣ ፈረሱ በቁርጠት ይሞታል። በዚያን ጊዜ አዲስ መድኃኒት ተገኝቶ ስለነበር ሁሉም ፈረስ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ይታከም ተባለ። ሠራም። ያ ትል በብዙ ቦታ ሊጠፋ ደረሰ። ምክሩ ግን ትሉ ከቀነሰ በኋላም ቀጠለ። በየጊዜው መድኃኒት ሲመታቸው የኖሩት ሌሎች ትሎች መድኃኒቱን እየለመዱ ሄዱ። ዴንማርክ ከ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት እንዳይሰጥ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። «በየወሩ» ያ አሮጌ ምክር ነው፣ ያውም ይበልጥ ተጠናክሮ።

መርፌው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ለከብት የተሠራ የኢቨርሜክቲን መርፌ ለፈረስ አይወጋም። የተወጋበት ቦታ ያብጣል፣ አልፎ አልፎም ጡንቻውን የሚያበሰብስ አደገኛ ኢንፌክሽን ያስከትላል። ለፈረስ የተሠራው ኢቨርሜክቲን በአፍ የሚሰጥ ቅባት ነው። ቴትራሚዞልና ሌቫሚዞልም ለፈረስ አይሆኑም። በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ኮሶ ይስጠው ወይ የሚሉኝም አሉ። ለውርንጭላ የሚሆን የታወቀ መጠን የለውም፣ አልመክርም።

ለአዋቂዎቹ ፈረሶች ጉዳዩ ወስፋት አይደለም። የእነሱ ዋና ትል ትንንሽ ስትሮንጋይል የሚባለው ነው። 50 ያህል ዝርያ አለው። በዓይን ሲታይ ከክር ቁራጭ አይበልጥም። ግጦሽ ላይ የዋለ ፈረስ ሁሉ ጥቂት አለበት፣ ጤነኛ ፈረስ ደግሞ ችሎት ይኖራል። አደገኛ የሚሆነው እጮቹ በወፍራም አንጀት ግድግዳ ውስጥ ተሸሽገው ሲከማቹና ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ሲወጡ ነው። ተሸሽገው ከሁለት ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ያኔ ድንገተኛ ተቅማጥና መክሳት ይመጣል።

የሚገርመው ነገር በአንድ መንጋ ውስጥ ትሉ እኩል አይከፋፈልም። አብዛኛውን እንቁላል የሚጥሉት ጥቂት ፈረሶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከአምስቱ አንዱ ነው ከጠቅላላው አራት አምስተኛውን የሚያራግፈው። አንዱ ፈረስ ዓመት እስከ ዓመት ብዙ ይጥላል፣ ሌላው በዚያው ሣር ላይ ውሎ ትንሽ ነው የሚጥለው። መልኩን አይተሽ አትለዪውም። የሰባውም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የአዋቂዎቹንም ፋንድያ አስመርምሩ የምለው። በግራም ከ200 እንቁላል በታች ያለው ፈረስ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ መሠረታዊ ሕክምና ይበቃዋል። ብዙ የሚጥለው ይጨመርለታል። በዚህ መንገድ ገንዘብም ይተርፋል፣ መድኃኒቱም ዕድሜ ያገኛል።

ባልታከሙት ፈረሶች ውስጥና በሣሩ ላይ የቀሩት ትሎች መድኃኒት ያልለመዱ ናቸው። ከለመዱት ጋር ተዳቅለው የመድኃኒቱን ኃይል ያቆዩልናል። ሁሉንም ፈረስ በአንድ ቀን፣ በደረቁ በጋ፣ ሣሩ ላይ እጭ በሌለበት ጊዜ ብናክም የሚተርፉት የለመዱት ብቻ ይሆናሉ። ቀጣዩ ትውልድ ከእነሱ ይወለዳል።

ለእናንተ ደጋ አገር መሠረታዊውን ሕክምና ዝናቡ ሲገባና ሲወጣ፣ ማለትም በሰኔ መግቢያና በጥቅምት፣ ባደርገው እመርጣለሁ። እጭ ሣሩ ላይ የሚበዛው በእርጥበት ነው። በዓመት ሁለቴ ኢቨርሜክቲን ያንን የደም ሥር ትል፣ ስትሮንጋይለስ ቩልጋሪስን፣ ይቆርጠዋል። እሱ እንቁላል ለመጣል ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታልና።

ለአዋቂ ፈረስ ክብደት ሚዛን አያስፈልግም፣ ሜትር ይበቃል። የደረቱን ዙሪያ የኮርቻው ጠፍር በሚያልፍበት ለኩ። ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ለኩ። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዙና ለ11,900 አካፍሉ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 239 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ኢቨርሜክቲን ለአንድ ኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለዚህ ፈረስ 48 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለብዙ ፈረስ ይብቃ ብሎ አንዱን መድኃኒት መከፋፈል ትልቁ ስሕተት ነው። ግማሽ መጠን ትሉን ሳይገድል ያስተምረዋል።

ባዝራዋን በተለየ ልያት። ባዝራ ከወለደች በአሥር ቀን ገደማ ድንጉላ ትፈልጋለች። በግንቦት ተጠቅታ ከሆነ አሁን የሦስት ወር እርጉዝ ናት። አልቤንዳዞል በእርግዝና መጀመሪያ ወራት አይሰጥም፣ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ስለሆነ ነው የማስጠነቅቀው። ለፈረስ የተሠራው ኢቨርሜክቲን ለእርጉዝ ባዝራ ይሆናል። መድኃኒት ለሚሰጣት ሰው እርጉዝ ልትሆን እንደምትችል ሳትነግሩ አትለፉ።

አህያይቱን ብዙ ሰው ይረሳታል። ከፈረስ ጋር አንድ ዓይነት ስትሮንጋይል አላት። ከዚህ ሌላ የሳንባ ትል ሊኖርባት ይችላል። አህያ ይህን ትል ተሸክማ ሳል ሳታሳይ ትኖራለች። አብሯት የሚግጥ ፈረስ ግን ለወራት ያስላል። ስለዚህ የውርንጭላው ትል ጠፍቶ ሳሉ ካልጠፋ፣ ወይም አዋቂ ፈረሶቹም ካሳሉ ፋንድያዋን ለሳንባ ትል አስመርምሩ። ኢቨርሜክቲን ይህን ትል ይገድላል።

እስካሁን ስለ መድኃኒት አወራን። እኔ ግን አባትሽ አካፋ ቢያነሡ ይበልጥ ደስ ይለኛል። አንዲት የወስፋት ትል በቀን ከመቶ ሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ያ እንቁላል በአፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በረኪና አይገድለውም። የአምናው ውርንጭላ የታሰረው የት ነበር? የዘንድሮውስ? ቤት አጠገብ ያለው ያው ጓሮ፣ ያው ችካል ከሆነ የዘንድሮው የሚውጠው የአምናውን እንቁላል ነው። ቦታውን ቀይሩ። የጋጣውን ወለል የላይኛውን አፈር ጠርጋችሁ አውጡ፣ ከግጦሽ የራቀ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። አዲስ አፈርና ጭድ አልብሱት። ገለባውን መሬት ላይ አትበትኑለት፣ ከመሬት ከፍ ያለ ገንዳ ይሁን። የባዝራዋንም ጡት በሞቀ ውኃ እጠቡት።

ከደጃፍ ግጦሹ ላይ ፋንድያ በሳምንት ሁለቴ ይለቀም። እንቁላል በፋንድያው ውስጥ ተፈልፍሎ ሣር ላይ ሊወጣ የሚችል እጭ እስኪሆን በሞቃት ወቅት ሳምንት ገደማ፣ በደጋ ብርድ ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሳምንት ሁለቴ ከተለቀመ ሳይቀድመን እንቀድመዋለን። የተለቀመው ይከመር፣ ይገላበጥ፣ ሙቀቱ እጩን ይገድላል። የወስፋት እንቁላል ከሌላው ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ብስባሹ ለእርሻ ማሳ ይዋል እንጂ ወደ ግጦሽ አይመለስ።

ከብትና በግ ደግሞ አጋዦች ናቸው። የፈረስ ትል እጭ በበግና በከብት ሆድ ውስጥ በአብዛኛው ይሞታል። ፈረስ የጋጠበትን ሣር እነሱ ቢግጡት ያጸዱታል። የጉበት ትል ግን ሁሉንም ይይዛል፣ ስለዚህ ረግረግና ቀንድ አውጣ ካለበት ጨፌ ሁሉንም አርቁ።

ገበሬው በእጁ ይዞት ሳያውቀው የሚቀር አንድ ሀብት አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ የገብሱና የጤፉ አዝመራ ሲሰበሰብ የሚቀረው ማሳ ነው። ተርሷል፣ ከክረምት ጀምሮ ፈረስ አልረገጠውም። ለባዝራና ለውርንጭላ ከወል ግጦሽ ሁሉ የተሻለ ንጹሕ መሬት ነው። ሌሎቹ ከመግባታቸው በፊት እናትና ልጅ ይቅደሙ። ልማዱ ከብቱን ሁሉ በአንድ ቀን መልቀቅ ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ብቻ አንድ ሁለት ሳምንት ማስቀደም ብዙ ያተርፋል።

የወል ግጦሹ ነገር ደግሞ በአንድ ቤት አይፈታም። የእናንተ ፈረሶች ቢታከሙ የጎረቤት ፈረስ እንቁላሉን ይጥላል። በዚህ በኩል አገር ምድሩ ያላችሁት ዕድል የትም የለም። ሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 በጊዮርጊስ ዕለት ስንት ፈረስ ተሸልሞ እንደሚወጣ አባትሽ ያውቃሉ። ለበዓሉ ፈረስ ማሰማመር ቀድሞ ይጀመራል። በጥቅምት የመንደሩ አባላት ፋንድያ ሰብስበው በአንድ ጊዜ ቢያስመረምሩ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ብዙ የሚጥሉት ፈረሶችም ይለያሉ። አባትሽ ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ይህን ቢያነሡ የሚሰሟቸው ይመስለኛል። ከሐኪም ይልቅ ፈረስ ያለው ሰው ሲናገር ይሰማል።

ለአሁኑ ግን ውርንጭላው ይቅደም። ነገ ሙቀቱ ይለካ፣ የአምስቱም ፋንድያ በአምስት ፌስታል ይላክ። የውርንጭላውን ሙቀት፣ ክብደቱንና የወስፋቱንና የስትሮንጋይሉን ቁጥር ለየብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ። አምና የተሰጠውን መድኃኒት ካርቶን አባትሽ አስቀምጠውት ከሆነም ስሙን ጻፊልኝ።